ኑዛዜና ሙሾ በድንበር ከተማ

የኬንያ ፍርድ ቤቶች ካዩዋቸው ክርክሮች መካከል የጠበቃ ሲልቫነስ ሜሌያ ኦቲየኖን አስከሬን ያህል ሕዝብ ያነጋገረ ጥቂት ነው። እኒህ ስመ ጥር ጠበቃ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1986 በድንገት አረፉ። ባለቤታቸው ወምቡዪ ኦቲየኖ፣ በትውልዳቸው ኪኩዩ የሆኑት፣ ባለቤቴ በናይሮቢ አቅራቢያ ማታሲያ በሚገኘው ይዞታችን መቀበር እንደሚፈልግ በሕይወት ሳለ ነግሮኛል አሉ። የሟቹ ጎሣ ኡሚራ ካገር በበኩሉ የሉኦ ልጅ የሚቀበረው በአባቱ ምድር ነው ሲል ተነሣ። ነገሩ ከፍርድ ቤት ወደ ይግባኝ ሰሚ ሄደ። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ነገሩኝ ያለውን ቃል የመሰከረ መቃብር ቆፋሪ ሳይቀር በችሎቱ ቆመ። በመጨረሻም ጎሣው ረታ፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1987 አስከሬኑ በምዕራብ ኬንያ በኛልጉንጋ ተቀበረ። ከሞታቸው ቀን አንሥቶ 154 ቀናት አልፈው ነበር። ሚስቲቱ በቀብሩ ላይ አልተገኙም።

ሰውየው ሕግ አዋቂ ነበሩ። የሌሎችን ጉዳይ በጽሑፍ ሲያሰናዱና በቃል ሲሟገቱ የኖሩ ሰው የራሳቸውን መቀበሪያ በጽሑፍ ሳያስቀምጡ ሄዱ። አልተናገሩም እንዳይባል ደግሞ ተናግረዋል፤ ሁለቱም ወገኖች የመጡት የሰሙትን ቃል ይዘው ነው። ችግሩ ለሚስት የተነገረው አንድ፣ ለዘመድ የተነገረው ሌላ ሆኖ መገኘቱ፣ ሁለቱንም ቃል በአንድነት ተሰብስቦ የሰማ ጉባኤ አለመኖሩ ነው።

ይህ ታሪክ ለሞያሌ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያና እንግሊዝ በ1907 እ.ኤ.አ. በተስማሙበት የድንበር መስመር ከተማዋ አንድ ስም እንደያዘች ለሁለት መንግሥት ተከፍላለች። ንግዱ በኬንያ በኩል፣ ቤቱ በኢትዮጵያ በኩል፣ የእናቱ መቃብር ሐገረ ማርያም፣ ልጆቹ ናይሮቢ የሆኑ አባወራ ቢሞት፣ ቀብሩ የት ነው? ሱቁ የማን ነው? ለመሆኑ ይህን ጥያቄ በሕይወት ሳለ የጠየቀው ይኖር ይሆን? ኢትዮጵያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሯን ለሰው እንቅስቃሴ በዘጋች ጊዜ ለቅሶ ደራሽ እንደ ልቡ መሻገር ቀረ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም.፣ በከተማዋ በሰላማዊ ሰዎች ላይ በተፈጸመው ግድያ ምክንያት ሺዎች ወደ ኬንያ በኩል ሲሸሹ፣ የቤት ካርታውንና የልጁን የልደት ወረቀት ለመያዝ ጊዜ ያገኘው ጥቂት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከተማዋ ለመጨረሻ ቃል ያላት ስም ግን ሦስት ነው፤ ሦስቱም አንድ አይደሉም። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዻምሳ» ይላል፤ መልእክት፣ አደራ ማለት ነው። ስዋሂሊው ከዓረብኛ የወረሰው «ዎሲያ» የውርስ ቃልንም የወላጅ ምክርንም ይጠራል። የአማርኛው «ኑዛዜ» ከሁሉ የከበደ ሻንጣ የተሸከመ ነው። ለንስሐ አባት የሚነገረው ኃጢአት ኑዛዜ ነው፤ ለወራሽ የሚተላለፈው ቃል ኑዛዜ ነው፤ ወደ ግእዙ ሥር ሲወረድ ደግሞ «ናዘዘ» አጽናና ማለት ሆኖ ይገኛል። አስተርጓሚ በፍርድ ቤት ወይም በሆስፒታል ቆሞ «ዎሲያ» የሚለውን «ኑዛዜ» ብሎ ሲመልሰው፣ አድማጩ ሽማግሌ ፊቱ የሚለዋወጠው ስለዚህ ነው። የተጠየቀው ስለ ሱቁ ነው፤ የሰማው ግን ቄስ ጥሩልኝ የሚባልበትን ሰዓት ነው።

በሐበሻ ቤት ስለ ሞት የሚነገርበት ሥርዓት ሞልቷል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሞት ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ነው። መርዶን ተመልከቱ። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ፣ ዘመዱ ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ድምፅ አጥፍተው ደጁን ከበው ይቆማሉ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ውሃ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚደግፍ ሳይጻፍ የታወቀ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለሟች ዘመድ ሲደረግ፣ ለሚሞተው ሰው ግን የሚደረግለት ዝምታ ነው። ሐኪም የበሽታውን ስም ለወንድሙ በበረንዳ ይነግረዋል፤ ወንድም ለእኅት፣ እኅት ለጎረቤት። ሳይሰማ የሚቀረው በሽተኛው ብቻ ነው። ደግነት ነው፤ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን መሞቱን ያልተነገረው ሰው ስለ ልጆቹ ምን ብሎ ይናገር?

ዝምታው ከተራ ቤት እስከ ቤተ መንግሥት አንድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሕመም በጠናባቸው ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ ማድረጋቸውን በአዋጅ አስነገሩ፤ ቃላቸውን በሚያፈርስ ላይም እርግማን አኖሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን ሞታቸው ተሸሸገ። እንደ ወጉ አልተለቀሰም፤ አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ ቆይቶ ወደ በኣታ ለማርያም የገባው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይወሳው አንድ ነገር አለ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሲሽሩ መጀመሪያ ያስፈለጋቸው ጦር ሳይሆን ጳጳስ ነበር። አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ካልፈቷቸው በቀር በጆሮአቸው የሰሙትን ቃል ለመጣስ አልደፈሩም። በአደባባይ የተነገረ ኑዛዜ ሊፈርስ ይችላል፤ አልሰማሁም ብሎ መካድ ግን አይቻልም። የጠበቃው የኦቲየኖ ቃል ያጣው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ አዋጅ የሚያስነግር ነጋሪት የሌለው ሰው ቃሉን ለአደባባይ የሚያደርሰው በምንድን ነው? በዚህ ምድር መልሱ በአብዛኛው ጥበብ ነው፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ድግስ፣ የተጠረበ እንጨት።

መጀመሪያ ሙሾ። ሙሾ አውራጇ ከለቅሶተኛው መካከል ቆማ የሟቹን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የአባቱን ወገን፣ ያደገበትን መንደር እያነሣች ታወርዳለች፤ ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ምስጋና ነው። ወርቁን ለሚፈልግ ግን ሙሾ የሂሳብ መዝገብም ነው። ያልተከፈለ ብድር፣ የተጣላ ወንድም፣ ሳይዳር የቀረ ልጅ፣ ያለ ጧሪ የቀረች ሚስት በዚያ ግጥም ውስጥ ያልፋሉ። በሌላ ቀን ቢነገር ጠብ የሚያነሣውን ነገር በዚያ ቀን ማንም አይቆጣበትም፤ እንባ ይሸፍነዋልና። ወንድሙን ለዓመታት ያላነጋገረ ሰው ስሙ በሙሾ ተጠርቶ አንገቱን ሲደፋ ሦስት ሽማግሌ ያላሸነፈው ነገር ይሸነፋል። የሙሾ ጉድለት አንድ ነው፤ ዘግይቶ ይመጣል። ባለጉዳዩ አይሰማውም፤ አይደለም ብሎም አያርምም። አዛውንት ሴቶች ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ እያሳሳቁ፣ «እኔንስ ምን ብለሽ ታወርጅኛለሽ?» ሲባባሉ ይሰማል። ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን አንዷ ለሌላዋ የምትነግራት ልጆቿ ጠይቀዋት የማያውቁትን ነው፤ በምን እንድትታወስ እንደምትሻ፣ ማን አጠገቧ እንዲቆም እንደምትፈልግ፣ ማንን ይቅር እንዳላለች።

ይህን ቀልድ አባቶች ወደ ሥርዓት ያሳደጉበት ጊዜም ነበር። የቁም ተዝካር ይባላል። ተዝካር በደንቡ ከሞት በኋላ፣ በተለይ በአርባ ቀን፣ ካህናትና ድሃ ተሰብስቦ የሚበላበት ግብዣ ነው። ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጆቹን የማያምን ሰው ግን ከሞትኩ በኋላ ማን ያወጣልኛል ብሎ፣ ቆሞ እየሄደ፣ ራሱ ጋባዥ ሆኖ ተዝካሩን ያወጣል። ጠላው ተጠምቆ፣ ሰንጋው ተጥሎ፣ ሟቹ ከእድምተኛው ጋር ተቀምጦ ይበላል። ባለ ድግሱ ጨዋታውን እየሰማ ለማን ምን እንደተወ በመንደሩ ሁሉ ፊት ይናገራል፤ ምስክሩም አራት ሳይሆን አርባና ሰማንያ ነው። ወጪው ቤት ያራቁት እንደነበር አይካድም፤ ተዝካርን ተራማጆች አጥብቀው የነቀፉትም ለዚህ ነው። ነቀፋው ከጤፉና ከበሬው ጋር የቃሉን ጉባኤ አብሮ ጠርጎ መሄዱ ግን ብዙ የታሰበበት አይመስልም።

በገና የሚናገረው ለሕያው ነው። አሥር አውታር ያለው ይህ መሣሪያ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር ሲሆን ከሚያነሣቸው ነገሮች ዋናው የዓለም ከንቱነትና የሞት አይቀሬነት ነው። ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለብቻው እንደሚናገር ሆኖ ይዘምራል፤ በዙሪያው የተቀመጠውም እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ እንደተነገረ ያህል ይሰማዋል። በደርግ ዘመን ትምህርቱ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢቋረጥም እንደ አለሙ አጋ ያሉ ሊቃውንት ጠብቀው አቆይተውታል። በገና የማንንም ውርስ አያከፋፍልም፤ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። «እሞታለሁ» የሚለውን ቃል ከጠዋት ወሬ ወደ ሰዎች መካከል አምጥቶ ያስቀምጠዋል፤ ማንም «ወዲያ! አፍህን ቁርጥ ያድርገው!» አይለውም።

ወደ ሞያሌ ቀረብ ሲባል የኮንሶ ዋጋዎች አሉ። የጀግናውን፣ የሚስቶቹንና የገደላቸውን ምስል በእንጨት ጠርበው በመንገድ ዳር በሰልፍ ያቆሟቸዋል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሐውልቱን ያየ ሁሉ የሟቹን ቤተሰብ ቁጥር ያውቃል፤ ሚስት አልነበረችም ብሎ የሚክድ ወራሽ በዚያ መንገድ አያልፍም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከኬንያ የባሕር ዳርቻ የመጣ ነው። ምዋና ኩፖና ቢንቲ ምሻም የተባለች የፓቴ ደሴት ሴት፣ የሲዩ ገዥ የነበረው የብዋና ማታካ ሚስት፣ ባሏ በ1856 እ.ኤ.አ. ከሞተባት በኋላ ራሷም ታመመች። በ1858 ገደማ ለልጇ ለምዋና ሐሺማ መቶ ያህል አንጓ ያለው ግጥም ጻፈች፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላም አረፈች። ግጥሙ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ስዋሂሊ ነው፤ ቅርጹ «ኡቴንዲ» ይባላል፤ በየአንጓው ሦስቱ ስንኞች እርስ በርስ ቤት ሲመቱ አራተኛው ከግጥሙ ጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቤት ይዘልቃል። ለማጥናትና ለማዜም የተመቸ ነው። እናት ልጇን ቀለምና ወረቀት ይዛ እንድትቀርብ ትጠራታለች፤ ከዚያ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ባል፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ድሃን ስለ ማክበር ትመክራታለች። ለባል ስለ መታዘዝ የሰጠችው ምክር ዛሬ ብዙ ሴቶችን ያስቆጣል፤ ቢያስቆጣም አይገርምም። ሆኖም ታማ አልጋ ላይ የዋለች ሴት፣ መሞቷን እያወቀች፣ ሳትሸሽግና ሳትሸሸግ የመጨረሻ ቃሏን ራሷ ቀርጻ ሰጠች። የምድሪቱ ሴቶች ለልጆቻቸው እያነበቡት ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ኖሯል። የሟች ቃል የት ይቀመጣል ለሚል ሰው ከማኅደር ይልቅ የሴቶች አፍ የታመነ ሆኖ መገኘቱን ይህ ግጥም ያሳያል። በሞያሌ ያለው ሙስሊም ነዋሪም የሚወርስ ነገር ያለው ሰው ዎሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር የሚመክረውን ሐዲስ ያውቃል፤ በዎሲያ ለወራሽ ላልሆነ ሰው መስጠት የሚቻለው ከሀብት ሲሶው እንደሆነም እንዲሁ።

ጥበብ ጉባኤውን ይሰበስባል እንጂ የሕግን ቦታ አይወስድም። ሁለቱ መንግሥታት በወረቀት ላይ ያሰፈሩት ደግሞ ከሚገመተው በላይ ይመሳሰላል። የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ከሆነ ሁለት ይበቃል። በተናዛዡ ጽሕፈት የሚደረገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ ይጻፋል፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በቃል የሚደረገው ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። በዚህ በሦስተኛው ሰውየው ሊያዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ስለ ልጆቹ ሞግዚትና እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። ዛሬ በዚያ ገንዘብ በግ እንኳ አይገዛም፤ ሕጉ የአፍ ቃልን ከገንዘብ አርቆ ለአካልና ለልጆች ያስቀረው ያህል ነው። ተናዛዡ ከሦስት ወር በላይ ከኖረ ቃሉ ይወድቃል። በኬንያ በኩል ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የውርስ ሕግም የቃል ኑዛዜን በሁለት ምስክሮች ፊት ይቀበላል፤ እርሱም ጊዜውን በሦስት ወር ወስኖታል። የጽሑፉ ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ይፈረማል። የሙስሊሞች ውርስ ግን በእስልምና ሕግ ይታያል። ልዩነቱ በቀብር ላይ ይጎላል። በኢትዮጵያ ሕግ የቀብር ትእዛዝ የቃል ኑዛዜ ግልጽ ክፍል ሲሆን፣ በኬንያ ፍርድ ቤቶች ዘንድ የሟች ፍላጎት ቢከበርም እንደ ንብረት ኑዛዜ በግድ አያስርም። ድንበሩን ተሻግሮ የሚሞት ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ሕጉ ሳይለወጥ የሰው ጠባይ የተለወጠበት ዘመን የኤችአይቪ ዘመን ነው። በኢትዮጵያ ለመቅበር የተቋቋሙ ብዙ እድሮች በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል በሕይወት ሳለ መርዳት ጀመሩ። ድንኳንና ወንበር አከራይ የነበረው ማኅበር አልጋ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ ማለት ነው። በኡጋንዳ ደግሞ ናክዎላ የሚባለው፣ በ1992 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ማኅበር፣ የማስታወሻ መጽሐፍ የሚባል ነገር አስፋፋ። እናት ከልጇ ጋር ተቀምጣ ስዕል እየሣሉ፣ ፎቶ እየለጠፉ፣ ልጁ የተወለደበትን ቀን፣ የዘር ሐረጉን፣ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይጽፋሉ። በገጾቹ መካከል ግን የከበደ ጥያቄ ይመጣል፤ «እኔ ባልኖር ከማን ጋር መኖር ትወዳለህ?» ሕመሟን ለዓመታት የደበቀች እናት ለልጇ የተናገረችው መጽሐፉን ሲያስጌጡ ነው፤ እጅ በቀለም ሲያዝ አፍ ይፈታልና። ስዊድናዊው ደራሲ ሄኒንግ ማንኬል እነዚህን መጻሕፍት አይቶ ስለ እነርሱ አንድ ሥራ ጽፏል።

ምዕራባውያን ዘግይተው ደረሱበት። በ2011 እ.ኤ.አ. በለንደን የተጀመረው የሞት ካፌ እንግዶች ሰዎች ተሰብስበው ሻይና ኬክ እየቀመሱ ስለ ሞት የሚያወሩበት ነው። በዚያው ዓመት አርቲስት ካንዲ ቻንግ በኒው ኦርሊንስ የተተወ ቤት ግድግዳ ጥቁር ሰሌዳ አድርጋ፣ መንገደኛው ከመሞቱ በፊት ማድረግ የሚሻውን በጠመኔ እንዲጽፍ ጋበዘች። ሦስት ሲኒ ቡና አፍልቶ ጎረቤት የሚጠራ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ልዩነቱ ግን አለ። በቡናው ላይ የሚወራው ሌላ ሰው ስለሞተበት ነው፤ በሞት ካፌው የሚወራው ጠጪው ራሱ ስለሚሞትበት።

ሕመም የሚያስታግሱና እስከ መጨረሻው የሚያጅቡ ተቋማት በሁለቱም አገር ከተመሠረቱ ቆይተዋል፤ ናይሮቢ ሆስፒስ በ1990 እ.ኤ.አ.፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ.። ሁለቱም ዋና ከተሞች ናቸው። ከሁለቱም በመቶዎች ኪሎ ሜትር በምትርቀው በሞያሌ የሚቀረው በእጅ ያለው ነው፤ እድሩ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የቦረና ሽማግሌዎች ምርቃት፣ የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚሻል ሲታሰብ፣ «ኑዛዜዎን ይጻፉ» የሚል ማስታወቂያ በግድግዳ ከመለጠፍ ይልቅ፣ የአንድ አስከሬን ባለቤት ማን ነው የሚል አጭር ተውኔት በገበያ ቀን ማሳየት ብዙ አፍ ይከፍታል። ተመልካቹ ስለ ራሱ አልተጠየቀም፤ ስለ ተዋናዩ ነው የሚፈርደው። «እሷ ናት የምትቀብረው!» «የለም፣ ወንድሙ ነው!» ሲባባል፣ በዚያው ምሽት ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚላት ነገር ይኖረዋል። የኦቲየኖ ጉዳይ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፤ መቃብር ቆፋሪው ብቻ አንድ ትዕይንት ይወጣዋል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ቢሠራ ደግሞ ኑዛዜን፣ ዻምሳንና ዎሲያን ሦስቱን ቃላት በአንድ መድረክ ላይ ማስተያየት ይቻላል።

እድሩም በበኩሉ መዝገብ አለው። በመዝገቡ የአባሉ ስም፣ የሚስት ወይም የባል፣ የልጆች፣ የወላጆችና ወርኃዊ ክፍያ ተራ በተራ ይሰፍራሉ፤ ዳኛውና ጸሐፊው ሲሞት ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ ከዚያ ያነባሉ። ከእነዚህ ቀጥሎ ባዶ ዓምድ መጨመር የሚፈልገው ማስመሪያና እርሳስ ብቻ ነው፤ «የት ይቀበር? በየትኛው በኩል? ቃሉንስ ማን ሰማ?» ለሚሉት።